ስለ ኢንተርቪው በእንግሊዝኛ ስንጽፍ የምንሳሳትባቸው ቃላት

ከአንድ የነጋዴ ጸሐፊ፣ ጣርማ በር

የንግድ ሥራ በሚዛንና በገንዘብ ብቻ የሚካሄድ አይደለም። ከውጭ አገር የሚመጣ ገዥ ዕቃውን ከመመርመሩ አስቀድሞ ነጋዴውን መጠየቅ ይፈልጋል፤ መጋዘኑ ደረቅ መሆኑን፣ እህሉ እንዴት እንደሚበጠር፣ በወር ስንት ኩንታል ለማቅረብ እንደሚቻል አንድ በአንድ ይጠይቃል። ንግግሩ ካለቀ በኋላ የተባለው ነገር በደብዳቤ ይጸናል፤ ደብዳቤውም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይጻፋል። ባለ ሱቅም ቢሆን ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ሒሳብ ያዥ ሲቀጥር እርሱ ይጠይቃል፤ ልጁን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲልክ ደግሞ ልጁ በኤምባሲ ይጠየቃል፤ በሁለቱም ጊዜ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ ሊያስፈልግ ይችላል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አባቶቻችን ተናግረዋል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ያለ ስሕተትም አብሮ እንደሚወረስ ማስታወስ ይገባል። እኛ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የምንጽፈው በአማርኛ እያሰብን ነው። በአማርኛ አንድ የሆነው ቃል በእንግሊዝኛ ለሁለት ወይም ለሦስት ሲከፈል፣ ከሁለቱ አንዱን ያለ ጥንቃቄ እናነሣለን። ገንዘብ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ በከባዱ ቃል ሳይሆን በዚህ ትንሽ ቃል ላይ ነው። ስለዚህ በጸሐፊነት ሥራዬ ካየሁት ጥቂቱን ለነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ አቀርባለሁ። የእንግሊዝኛው ቃል አነባበቡ እንዲታወቅ በገዛ ፊደላችን ተጽፏል።

1ኛ. «እስከ» ያመጣብን ጉዳት

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመንዝና ከአካባቢያችን ገበሬ የተሰበሰበ ምስር በመጋዘናችን ነበር። ወደ ደሴ ይሄድ የነበረ አንድ የውጭ ገዥ ወኪል ማክሰኞ ቀን ከእኛ ዘንድ ቆመና አሠሪዬን ለአንድ ሰዓት ያህል ጠየቀ። በተበጠረው ምስር ደስ ስላለው፣ በሚቀጥለው ሰኞ ሲመለስ ናሙና እንደሚወስድ ተናግሮ ሄደ። አሠሪዬም «ናሙናው እስከ ዓርብ እንደሚዘጋጅ ጻፍለት» አሉኝ። እኔም «እስከ» የሚለውን ቃል «አንቲል» ብዬ ተርጕሜ፣ «ዘ ሳምፕል ዊል ቢ ሬዲ አንቲል ፍራይዴይ» ብዬ ጻፍሁ፤ በኢሜይልም ላክሁለት።

ሰኞ ዕለት ሰውዬው ከደብረ ሲና በኩል ወጥቶ፣ ዋሻውን አልፎ፣ በደጃችን ሳይቆም ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በስልክ ስንጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፤ «ናሙናው የሚቈየው እስከ ዓርብ ብቻ መሆኑን ራሳችሁ ጽፋችኋል፤ ስለዚህ ከሌላ ሰው ገዛሁ» አለን። አሠሪዬ ደብዳቤውን አስነበቡኝና «ልጄ፣ እኔ ያልሁህ እንዲህ ነበር ወይ?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

የቃሉ ልዩነት እንዲህ ነው። «ባይ» ማለት ከተባለው ቀን ሳያልፍ ማለት ነው፤ ሥራው ከዚያ ቀን በፊት ወይም በዚያው ቀን አንድ ጊዜ ይፈጸማል። «አንቲል» ግን አንድ ነገር ሳይቋረጥ ቈይቶ በዚያ ቀን እንደሚያበቃ ይናገራል። እኔ መጻፍ የነበረብኝ «ባይ ፍራይዴይ» ነበር። ለመለየት እንዲመች አስቀድመን አማርኛውን እንፈትነው፤ በ«እስከ» ፈንታ «ሳያልፍ» ብንል ነገሩ ከተስማማ «ባይ» ይጻፋል፤ «ድረስ እየቈየ» ብንል ከተስማማ «አንቲል» ይጻፋል። ሱቁ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነው ስንል «አንቲል» ነው፤ ማመልከቻው እስከ ሐሙስ ይቅረብ ስንል «ባይ» ነው።

2ኛ. ማን ጠያቂ፣ ማን ተጠያቂ

«ኢንተርቪው» የሚለውን ቃል እንግሊዞች የወሰዱት ከፈረንሳይኛ ነው፤ የመጀመሪያ ትርጕሙም እርስ በርስ መተያየት ማለት ነበር። ዛሬ ግን አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው መላሽ የሚሆንበትን ንግግር ይመለከታል። ሁለት ነጋዴዎች እኩል ተቀምጠው ስለ ዋጋ ሲነጋገሩ «ሚቲንግ» እንጂ «ኢንተርቪው» አይባልም። ገዥው ስለ ድርጅታችን አቋም ሲጠይቀን፣ አሠሪ ሥራ ፈላጊን ሲጠይቅ፣ ጋዜጠኛ ነጋዴን ሲጠይቅ፣ የኤምባሲ ሹም ተጓዥን ሲጠይቅ ግን ቃሉ በትክክል ይውላል።

«ዊ ኢንተርቪውድ» ብንል ጠያቂዎቹ እኛ ነን፤ «ዊ ወር ኢንተርቪውድ» ብንል ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። አንድ ወጣት ለሥራ በጻፈው ደብዳቤ «ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጁን ጠይቄአለሁ» የሚል ትርጕም ያለው ዐረፍተ ነገር አንብቤአለሁ፤ ለማለት የፈለገው ግን ተጠይቄአለሁ ነበር። ከሰው ጋር መሆኑን ስንገልጽ «ዊዝ»፣ ለምን ሥራ መሆኑን ስንገልጽ «ፎር» እንጨምራለን። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ለሒሳብ ያዥነት የተደረገ መጠይቅ «ኢንተርቪው ዊዝ ዘ ማኔጀር ፎር ዘ ፖስት ኦቭ አካውንታንት» ይባላል።

3ኛ. ስለ ቀጠሮ

የቀጠሮ ደብዳቤ አጭር ቢሆንም ወጥመድ አለበት። እኛ ሰዓትን የምንቈጥረው ከንጋት ጀምረን ስለ ሆነ፣ የጧቱ 3 ሰዓት ለውጭ ሰው 9 ሰዓት ነው። ቍጥሩን ሳንለውጥ 3 ሰዓት ብለን ብንጽፍ እንግዳው በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ በ9 ሰዓት ይመጣል። ስለዚህ የ6 ሰዓቱ ልዩነት ተሰልቶ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ቀን ላለው «ኤ.ኤም.»፣ ከእኩለ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ላለው «ፒ.ኤም.» ይጨመርበት። ቀኑም ለእነርሱ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። እኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የምንለው ለእነርሱ 1 «ኤ.ኤም.» ሲሆን፣ ቀኑ አዲስ ቀን ነው። በስልክ ወይም በቪድዮ ለሚደረግ መጠይቅ ደግሞ የማን አገር ሰዓት መሆኑ መጻፍ አለበት፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከግሪንዊች ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል።

ቀን በቍጥር ብቻ አይጻፍ። 5/6 ተብሎ የተጻፈውን የእንግሊዝ ሰው የስድስተኛው ወር አምስተኛ ቀን ነው ይላል፤ የአሜሪካ ሰው ግን የአምስተኛው ወር ስድስተኛ ቀን ነው ይላል። የወሩ ስም በፊደል ሲጻፍ ክርክሩ ያበቃል። የእኛ መስከረም 1 ቀንም በእነርሱ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 እንደሚውል አይዘንጋ። እንዲሁም «ኔክስት ቱዝዴይ» የሚለውን አንዱ የዚህን ሳምንት፣ ሌላው የመጪውን ሳምንት ማክሰኞ አድርጎ ሊረዳው ስለሚችል፣ ከቀኑ ስም ጋር የወሩን ቀን መጻፍ ይበጃል።

ቀጠሮ ሲለወጥም ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ቃላት ይምታታሉ። «ፑት ኦፍ» ማለት ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው፤ «ኮል ኦፍ» ማለት ፈጽሞ መሰረዝ ነው፤ «ኮል ኦን» ደግሞ ሰውን ሄዶ መጐብኘት ነው። በጣርማ በር ጉም ወርዶ መንገድ በመክበዱ ቀጠሮ ወደ ማግሥቱ እንዲተላለፍ የሚለምን ሰው «ኮል ኦፍ» ብሎ ከጻፈ፣ እንግዳው ነገሩ ቀረ ብሎ ይሄዳል።

4ኛ. «አዎ» እና «የስ»

በአማርኛ «ጭነቱ አልተነሣም ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ቢል፣ አልተነሣም ማለቱ ነው፤ የጠያቂውን ቃል አጽንቷል። እንግሊዝኛው ግን የሚከተለው የጠያቂውን ቃል ሳይሆን የነገሩን መሆንና አለመሆን ነው፤ ጭነቱ ከተነሣ «የስ»፣ ካልተነሣ «ኖ» ይባላል። ስለዚህ ለእንደዚህ ያለው ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ አደገኛ ነው። በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንጠቀም፤ «ኖ፣ ዘ ጉድስ ሃቭ ኖት ሌፍት» ብንል የሚሳሳት አይኖርም።

«ዱ ዩ ማይንድ» ተብሎ የሚጀመረው ጥያቄም እንዲሁ ነው፤ ትርጕሙ «ቅር ይልሃል ወይ?» ማለት ነው። እንግዳው መጋዘኑን ፎቶግራፍ ለማንሣት በዚህ ቃል ሲጠይቀን በደግነት «የስ» ብንለው፣ «ቅር ይለኛል» ብለን ከለከልነው ማለት ነው።

5ኛ. የተባለውን እንደ ተባለ መጻፍ

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከኢንተርቪው በኋላ በሚጻፈው ደብዳቤ ነው። በአማርኛ «አለ» የሚለው ግሥ ብዙ ሸክም ይሸከማል። «ገንዘቡን እልካለሁ አለ» ስንል፣ ሰውዬው ቃል ገብቶ ይሆናል፣ ሐሳቡን ገልጾ ይሆናል፣ ወይም ተስፋውን ብቻ ተናግሮ ይሆናል። በእንግሊዝኛ «ሴድ» ማለት ተናገረ ብቻ ነው፤ «ፕሮሚስድ» ማለት ቃል ገባ ነው፤ «ኮንፈርምድ» ማለት አረጋገጠ ነው፤ «ሆፕድ» ማለት ተስፋ አደረገ ነው። ተስፋ ያደረገውን ቃል እንደ ገባ አድርገን ብንጽፍበት ይቈጣል፤ ቃል የገባውን ተናገረ ብቻ ብለን ብንጽፍለት ደግሞ መብታችንን እናሳንሳለን።

«እሺ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። እኛ «እሺ» የምንለው ሰማሁ ለማለት፣ ቀጥል ለማለት፣ አስብበታለሁ ለማለትና ተስማማሁ ለማለት ነው። ጸሐፊው ሁሉንም «ዊ አግሪ» ብሎ ከተረጐመው አሠሪውን ባልተስማማበት ነገር ያስረዋል። ለሰማነው «ዊ ኖት»፣ ለምናስብበት «ዊ ሻል ኮንሲደር»፣ ለተስማማንበት «ዊ አግሪ» እንበል። በዋናው ነገር ተስማምተን ዝርዝሩ ከቀረ «ዊ አግሪ ኢን ፕሪንሲፕል» ይባላል፤ ስምምነታችን በሌላ ነገር መፈጸም ላይ የተመሠረተ ከሆነ ደግሞ «ሰብጀክት ቱ» የሚለው ሐረግ ከነምክንያቱ ይጨመርበታል። ለምሳሌ፣ ናሙናው ከተመረመረ በኋላ ብቻ የሚጸና ስምምነት «ሰብጀክት ቱ ኢንስፔክሽን ኦቭ ዘ ሳምፕል» ተብሎ ይጻፋል።

ይህ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ሕጉን እናስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1681 እንደሚለው፣ የውል ጥያቄም ሆነ ጥያቄውን መቀበል በቃል፣ በጽሑፍ፣ በተለመደ ምልክት ወይም በአድራጎት ሊገለጽ ይችላል። በአንቀጽ 1733 ደግሞ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች ከዚያ ወጥተው ተዋዋዮቹ ምን አስበው ነበር እያሉ ሊተረጕሙት እንደማይችሉ ተደንግጓል። እንግዲህ «በልቤ ያሰብሁት ሌላ ነበር» ማለት ግልጽ ሆኖ ለተጻፈ ቃል መድኃኒት አይሆንም።

በዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ከአማርኛ የሚመጡ ሌሎች ስሕተቶችም አሉ። «ስለ ዋጋ ተነጋገርን» ለማለት «ዲስከስድ አባውት» ብለን እንጽፋለን፤ «ዲስከስ» ግን «አባውት» የሚለውን አይፈልግም፤ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕራይስ» ይበቃል። «ገለጸልን» ለማለት «ኤክስፕሌይንድ አስ» አይባልም፤ «ኤክስፕሌይንድ ቱ አስ» ይባላል። በአንጻሩ «ቶልድ» የሚለው «ቱ» ሳይጨመርበት በቀጥታ ከሰሚው ጋር ይሄዳል፤ «ሂ ቶልድ አስ» ይባላል።

ድርጅቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ስንጠየቅም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለጊዜው ርዝመት «ፎር»፣ ለተጀመረበት ጊዜ «ሲንስ» ይባላል፤ «ፎር ቴን ይርስ» ማለት ለ10 ዓመታት ማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሳንለውጥ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተውን ድርጅት «ሲንስ 2008» ብለን ከጻፍን ግን በእነርሱ አቈጣጠር የ7 ወይም የ8 ዓመት ዕድሜ ጨመርንለት። ገዥው የንግድ ፈቃዱን አስተርጕሞ ቀኑን ሲያስተያይ የሚያስበው ስለ ዘመን አቈጣጠር ሳይሆን ስለ ታማኝነታችን ነው።

6ኛ. ቃሉ ወደ ባንክ ሲሄድ

በኢንተርቪው ጊዜ ዘና ብለን የተናገርነው ቃል ወደ ሌተር ኦቭ ክሬዲት ሲገባ ጠንካራ ሕግ ይሆናል። የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከጁላይ 1 ቀን 2007 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ የሚሠራበት 600 የተባለው የክሬዲት ደንብ ለእነዚህ ቃላት ቍርጥ ትርጕም ሰጥቷቸዋል። «አባውት» ወይም «አፕሮክሲሜትሊ» የሚለው ቃል ከክሬዲቱ ገንዘብ፣ ከዕቃው መጠን ወይም ከነጠላ ዋጋው ጋር ሲጻፍ፣ ለተጻፈበት ለዚያ ነገር ብቻ ከ100 እጅ 10 እጅ መጨመር ወይም መቀነስ ይፈቅዳል። ስለዚህ «አባውት» 1,000 ኩንታል ማለት ከ900 እስከ 1,100 ኩንታል ነው። «አባውት» የሚለው ከመጠኑ ጋር ብቻ ተጽፎ ከገንዘቡ ጋር ካልተጻፈ ግን፣ ተጨማሪ የላክነው እህል ክፍያው ከክሬዲቱ በላይ እንዲሆን አያደርግም።

«ኦን ኦር አባውት» ከቀን ጋር ሲጻፍ ከተባለው ቀን 5 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 5 ቀን በኋላ ድረስ ያለውን ጊዜ ያመለክታል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀንም ይቈጠራሉ። እኛ ደስ እያለን የምንጽፈው «አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» እና «ፕሮምፕት» ግን በዚህ ደንብ ዋጋ የላቸውም፤ ባንኩ እንዳልተጻፉ ይቈጥራቸዋል። እንግዲህ ዕቃው እንዲደርስለት የሚፈልግ አስመጪ «በተቻለ ፍጥነት» ከማለት ይልቅ ቀኑን ለይቶ ያስጽፍ።

7ኛ. ስለ ጋዜጣና ስለ አክብሮት

ነጋዴ በጋዜጠኛ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። «ኦን ዘ ሬከርድ» ማለት የተናገርነው ከነስማችን ሊታተም ይችላል ማለት ነው፤ «ኦፍ ዘ ሬከርድ» ማለት ለኅትመት አይውልም ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ስምምነት የሚደረገው ከመናገር በፊት ነው፤ ከተናገሩ በኋላ «ይህ ለጋዜጣ አይደለም» ማለት ጋዜጠኛውን አያስገድደውም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የተባለው ለዚህ ነው።

በደብዳቤ መክፈቻ ላይ ደግሞ የእኛና የእነርሱ ስም አጠራር ይለያያል። እኛ አቶ ብለን የምናስከትለው የሰውየውን የራሱን ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሚስተር» የሚለውን የሚከተለው የቤተ ሰብ ስም ነው፤ በመጀመሪያ ስሙ «ሚስተር» ብሎ መጥራት ለጆሮአቸው እንግዳ ነው። በመዝጊያውም ላይ «ለመገናኘት እንናፍቃለን» ለማለት «ዊ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ» እንበል እንጂ «ቱ ሚት ዩ» አንበል። ከቀድሞ ጸሐፊዎች የወረስናቸው «ኢንስታንት»፣ «አልቲሞ» እና «ፕሮክሲሞ» የተባሉት ቃላት የያዝነውን፣ ያለፈውንና የሚመጣውን ወር ያመለክቱ ነበር፤ በድሮ የደብዳቤ መዝገብ ውስጥ ሲገኙ እንድናውቃቸው ይጠቅማል፤ ዛሬ ግን የወሩን ስም መጻፍ ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ከዚያ ሰኞ ወዲህ የያዝሁትን ልማድ ልናገርና ጽሑፌን ልፈጽም። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከመላኬ በፊት መልሼ በአማርኛ ለአሠሪዬ አነብላቸዋለሁ። የማነበውም ለማለት ያሰብሁትን ሳይሆን ወረቀቱ የሚለውን ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ ቃል የገባነውንና ቃል የተገባልንን አንድ በአንድ ሰምተው «ይህስ የእኔ ቃል ነው» ሲሉ ያን ጊዜ ይላካል። ይህ ሥራ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። እንግሊዝኛ የማያውቅ ነጋዴም ጸሐፊውን እንዲህ ለማድረግ ሊያዘው ይችላል፤ ይህን በማዘዙ ጸሐፊውን አልናቀም፤ ሁለቱንም ከጥፋት አዳነ እንጂ። አሠሪዬ ዛሬም ደብዳቤ ላነብላቸው ስቀርብ በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «እስከ የምትለዋን የትኛዋን አደረግሃት?» ይሉኛል።